ከቦሌ ለሚ እስከ ስድስት ኪሎ፦ ተማሪዎችን ከፍልስፍናና ከሃይማኖት ጥናት ጋር ለማስተዋወቅ

ጎሮ፣ ሰሚት፣ አያት ወይም ቦሌ አራብሳ የሚያስተምሩ መምህር ከሆኑ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎችዎ ይህን ጥያቄ ያቅርቡላቸው፦ «ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ምን ማጥናት ትፈልጋላችሁ?» ሕክምና፣ ሶፍትዌር፣ ሕግ፣ አካውንቲንግ ይሉዎታል። ፍልስፍና የሚል ከተገኘ ክፍሉ ይስቃል። ሃይማኖትን ማጥናት እፈልጋለሁ የሚል ካለ ደግሞ ቄስ፣ ሼክ ወይም ፓስተር ሊሆን ነው ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱም ግን ራሳቸውን የቻሉ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቶች ናቸው። ለዚህ ሠፈር ልጆች ደግሞ በጣም ቅርብ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የትምህርቶቹ ትልልቅ ጥያቄዎች በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በርና በዙሪያው ባሉ የኪራይ ቤቶች በየቀኑ ይነሳሉ።

እዚህ የማቀርበው አካሄድ በትምህርት ቤት ክበብ በኩል በአንድ መንፈቅ ዓመት ሊሠራ የሚችል ነው። የዜግነት፣ የታሪክ ወይም የእንግሊዝኛ መምህር ቢሆኑ በቂ ነው፤ በፍልስፍና መመረቅ አይጠበቅብዎትም። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ሰሌዳ፣ ከ20 የማይበልጡ ተማሪዎች፣ እንዲሁም «አላውቅም፣ አብረን እንፈልገው» ለማለት ፈቃደኛ መሆን ያስፈልግዎታል።

መጀመሪያ፦ ጥያቄውን ከፓርኩ ያምጡ

ብዙ የፍልስፍና መግቢያዎች ከጥንቶቹ ግሪኮች፣ ከታሌስ ይጀምራሉ። እርስዎ ከዚያ አይጀምሩ። ተማሪው ታሌስ ሁሉም ነገር ከውኃ ተገኘ ማለቱን በቃሉ ይይዝና ፍልስፍና የስም ዝርዝር ይመስለዋል። መነሻዎ ልጁ ቤት ውስጥ ሲወራ የሰማው ነገር ይሁን።

ቦሌ ለሚ መንግሥት ካስገነባቸው የኢንዱስትሪ ፓርኮች ቀዳሚው ነው፤ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በሼዶቹ ውስጥ ልብስ፣ ጫማና ጓንት ለውጭ ገበያ ይሠራል። አብዛኞቹ ሠራተኞች ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከክፍለ ሀገር መጥተው፣ ተሰባስበው አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ከተማሪዎችዎ የአንዱ እኅት እዚያ ኦፕሬተር ትሆናለች፤ የሌላዋ እናት ለሠራተኞች ቤት ታከራያለች፤ የሌላው አባት ሰርቪስ ይነዳል። ላይን፣ ታርጌትና ኦቨርታይም ምን እንደሆኑ ለእነዚህ ልጆች ማስረዳት አያስፈልግም።

ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦

ሠራተኛዋ የሥራ ውሉን ፈቅዳ ፈርማለች።
ስለዚህ ደመወዟ ፍትሐዊ ነው።

ከዚያ ዝም ይበሉ። ግማሹ «እውነት ነው፣ ማን አስገደዳት?» ይላል፤ ግማሹ ይቆጣል። ጩኸቱ ጋብ ሲል የእርስዎ ሥራ ይጀምራል። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወደ ሁለተኛው ለመሻገር ያልተነገረ ነገር አለ፤ እሱን እንዲፈልጉት ይጠይቁ። ጥቂት ከታገሉ በኋላ ያገኙታል፦ «ሰው ፈቅዶ የተዋዋለው ነገር ሁሉ ፍትሐዊ ነው።» ይህንን በሁለቱ መካከል ይጻፉትና ይህ ዓረፍተ ነገር የሚፈርስበትን ምሳሌ እንዲያመጡ ያድርጉ። ልጁ ታሞበት መሬቱን በርካሽ የሸጠ ገበሬ ፈቅዶ ነው የሸጠው፤ ዋጋው ግን ፍትሐዊ ነበር? ፈቃድ የሚባለውስ ሌላ አማራጭ ላለውና ለሌለው ሰው እኩል ነው? በተቃራኒው፣ ፈቃድን ከናቅን ደግሞ የሠራተኛዋን የራሷን ምርጫ መናቃችን አይደለም? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ እንዳይዘለል አደራ እላለሁ፤ ለሠራተኛዋ የቆረቆረ ተማሪ ሳያስበው እሷን እንደ ሕፃን ሊቆጥራት ይችላልና።

ተማሪዎቹ እዚህ ከደረሱ በኋላ ስሞቹን ማምጣት ይቻላል። አርስቶትል በልውውጥ ውስጥ ፍትሕ ምን እንደሆነ ከ2,300 ዓመት በፊት ጽፏል። ካርል ማርክስ የደመወዝ ሥራን መርምሯል። አሜሪካዊው ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው የፍትሕ መጽሐፉ፣ የኅብረተሰቡን ሕግ የሚያወጡ ሰዎች በዚያ ኅብረተሰብ ውስጥ የራሳቸው ቦታ የት እንደሚሆን ሳያውቁ ቢወስኑ ምን ይመርጡ እንደነበር ጠይቋል። ይህኛው ለክበብ የተመቸ ነው። ኦፕሬተር፣ ሱፐርቫይዘር፣ ባለሀብት፣ አከራይ፣ ሥራ ፈላጊ የሚሉ ወረቀቶች ጠቅልለው በሣጥን ያስቀምጡ። ማንም ዕጣውን ሳያወጣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኦቨርታይምና ስለ ወሊድ ፈቃድ ደንብ ያርቅቁ። ዕጣው የሚወጣው ደንቡ ከጸደቀ በኋላ ብቻ ነው። ለማነጻጸሪያም በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ያሳዩአቸው፤ ለግሉ ዘርፍ በአገር ደረጃ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ሳይኖር ብዙ ዓመት ተኑሯል፣ አዋጁ ግን ይህን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም መንገድ ከፍቷል።

ክርክሩ ከሞቀ ሁለተኛ ጉዳይ አለልዎት። አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት የሰብአዊ መብት ጥሰት ተፈጽሟል ብላ ኢትዮጵያን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል አስወጣች። ምርታቸውን ለአሜሪካ ገበያ የሚያቀርቡ የልብስ ፋብሪካዎች ተጎዱ። መንግሥትን ለመጫን የተወሰደ እርምጃ በጦርነቱ ላይ ምንም ድርሻ በሌላት ልብስ ሰፊ ላይ ሲያርፍ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል? ካልሆነስ አንድ አገር በሌላው ላይ በምን መንገድ ጫና ያድርግ? የጋራ ኃላፊነት የሚባለው የሥነ ምግባር ጥያቄ እዚሁ ሠፈር አድራሻ እንዳለው ተማሪዎቹ ያያሉ።

አንድ ሕግ ከመጀመሪያው ቀን ያስቀምጡ፦ የፋብሪካ ስም አይጠራም፣ የማንም ቤተሰብ ገቢ አይጠየቅም። የሚመረመረው ክርክሩ እንጂ ሰው አይደለም።

ሁለተኛ፦ ሎጂክ እንደሚጠብቃቸው ይንገሯቸው

ተማሪዎች ብዙም የማያውቁት ነገር አለ። የፍሬሽማን ፕሮግራም ከተመለሰበት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ምሕንድስናም ይግቡ ታሪክ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢዎች ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ የሚባል ኮርስ ይወስዳሉ። ይህ የፍልስፍና ትምህርት ክፍል ኮርስ ነው። በርካታ ተማሪዎች መደምደሚያና መነሻ ሐሳብን መለየትን፣ የክርክር ስሕተቶችንም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙት እዚያ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከብዙ ተማሪ ጋር ተጨናንቀው ነው፤ ስለዚህ ይከብዳቸዋል። እርስዎ ዛሬ በአማርኛ ካስጀመሯቸው ፍልስፍናን ለማይመርጡትም ጭምር ውለታ ይሆናል።

ሦስት ስሕተቶች ይበቃሉ። ሐሳቡን ትቶ ተናጋሪውን መስደብ፤ ማስረጃ ሳይሰጡ ማስፈራራት፤ ብዙ ምርጫ እያለ ሁለት ብቻ አለ ብሎ መከራከር። በሳምንቱ ከታክሲ ወሬ፣ ከቲክቶክ ወይም ከቴሌቪዥን ክርክር አንድ አንድ ምሳሌ እየያዙ እንዲመጡ ያዝዟቸው። ከራሳቸው ንግግር አንድ ያመጣ ተማሪ ካለ ያመስግኑት። ከዚህ በላይ በሎጂክ ላይ መቆየት አያስፈልግም፤ ቀሪውን ዩኒቨርሲቲው ያስተምራል።

ሦስተኛ፦ ዘርዓ ያዕቆብን ከነክርክሩ ያስተምሩ

ስለ ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ሁሉም ተማሪ ጥቂት ሰምቷል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ግን ሙገሳ ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያ ከአውሮፓውያን እኩል የቆመ ፈላስፋ ነበራት የሚል። ለክበብዎ ሦስት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ይስጡ።

በመጀመሪያው ታሪኩን ይንገሯቸው። መጽሐፉ እንደሚተርከው ዘርዓ ያዕቆብ በአክሱም አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ፤ ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማረ። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገሩ በሃይማኖት ሲታመስ ተከሶ ሸሸ፤ በዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ብቻውን ኖረ። እዚያ ሆኖ የጠየቀው ጥያቄ ለዛሬ ተማሪም ግልጽ ነው፦ ሁሉም እምነቴ ብቻ እውነት ነው ካለ፣ ፈራጁ ማን ነው? መልሱ ፈጣሪ ለሰው የሰጠው ልቡና የሚል ነው። በኋላም እንፍራዝ ተቀመጠ፤ በባለጸጋ ቤት ልጆች እያስተማረ፣ መጻሕፍት እየገለበጠ ኖረ። ሊያገባት የፈለጋት ሂሩት የዚያ ቤት አገልጋይ ነበረች፤ እሱ ግን ባልና ሚስት እኩል ናቸው ብሎ አገልጋይነቷ እንዲቀር ጠየቀ። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት በጻፈው ሁለተኛ ሐተታ ውስጥ የእጅ ሥራ ክብር ሰፊ ቦታ አለው። ለፓርኩ ጎረቤት ይህ ክፍል ተነጥሎ ቢነበብ እመርጣለሁ።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ክርክሩን ያምጡ። የሐተታው ቅጂዎች የታወቁት ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚስዮናዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለፈረንሳዊው የብራና መጻሕፍት ሰብሳቢ ለአንቷን ዳባዲ ከላካቸው በኋላ ነው፤ ዛሬ ፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1920 ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ሐተታውን የጻፈው ራሱ ሚስዮናዊው ነው ሲል ተከራከረ። በሌላ ወገን ክላውድ ሰምነር ቆሙ። ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍናን ለብዙ ዓመታት አስተማሩ፤ በኢትዮጵያ ፍልስፍና ላይም አምስት ቅጽ አሳተሙ። ሐተታው የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ለማስረዳት ቋንቋውንና የሐሳቡን አካሄድ መረመሩ፤ የሐተታውንና የሚስዮናዊውን ጽሑፎች አነጻጸሩ። ክርክሩ አላለቀም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በኦክስፎርድ ጉባኤ ተደርጎበታል፣ በ2023ም አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ታትሟል።

በሦስተኛው ተማሪዎቹን ለሁለት ይክፈሉ። አንዱ ወገን ለሰምነር፣ ሌላው ለኮንቲ ሮሲኒ ይቁም። ከጨረሱ በኋላ ቦታ ይቀያየሩ። የአገር ፍቅር ያደረበት ተማሪ ኮንቲ ሮሲኒን ወክሎ መቆም ይከብደዋል፤ ግን ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የምንወደው መልስ በማስረጃ እንዲቆም እንጂ በውዴታችን እንዲቆም አንፈልግም። አንዲት ተማሪ «ጸሐፊው ማንም ይሁን፣ የተጻፈው ሐሳብ ትክክል ነው ወይ?» ብላ ከጠየቀች ፍልስፍና የሚመርጣትን ሰው አግኝተዋል፤ ስሟን ይያዙ።

አራተኛ፦ ሃይማኖትን ማጥናት ሁለት በር እንዳለው ያስረዱ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ይለያል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል። በመሆኑም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማንንም ለክህነት ወይም ለዳዕዋ አያዘጋጅም። በዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 አማኞች የራሳቸውን የሃይማኖት ትምህርት ተቋም የማቋቋም መብት አላቸው። ሁለቱ በሮች ከዚህ የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው በር የእምነት ተቋማቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በኩል ቅድስት ሥላሴና ቅዱስ ጳውሎስ፣ ከወንጌላውያን በኩል የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪና የኢትዮጵያ የድኅረ ምረቃ ሥነ መለኮት ትምህርት ቤት፣ ከካቶሊክ በኩል ፍልስፍናንና ሥነ መለኮትን አብሮ የሚያስተምረው የካፑቺን ፍራንሲስካን ተቋም አሉ። እዚህ የሚገባ ተማሪ እምነቱን ከውስጥ ሆኖ፣ ለማገልገል ይማራል። ከመመዝገቡ በፊት ግን ዲግሪው በመንግሥት ዘንድ ያለውን እውቅና ራሱ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እንዲያጣራ ይምከሩት፤ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪ ወይም ሥራ ሲፈልግ ይህ ጥያቄ ይመጣበታል።

ሁለተኛው በር ሃይማኖትን እንደ ሰው ልጅ ታሪክና ኑሮ ማጥናት ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህ በአንድ ስም የተሰበሰበ አይደለም፤ በታሪክ፣ በሶሻል አንትሮፖሎጂ፣ በሥነ ጽሑፍና በፊሎሎጂ፣ በፍልስፍና ተበትኖ ይገኛል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ፣ ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ በ2001 ስለ ወሎ እስልምና ያሳተሙት መጽሐፍ፣ ፕሮፌሰር ወርቅነህ ቀልቤሳ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ የአካባቢ ሥነ ምግባር የሠሩት ምርምር የዚህ በር ፍሬዎች ናቸው።

ተማሪዎቹ ይህ ጥናት ለእኛ ለምን ልዩ እንደሆነ ቢያውቁ ደስ ይለኛል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ በሙሉ ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የአረማይክ ቅጂዎች ቁርጥራጮች ናቸው። ስለዚህ የጥንቱን የአይሁድ እምነት የሚያጠና የጀርመን ወይም የአሜሪካ ተማሪ ሄኖክን ሙሉውን ለማንበብ ግዕዝ መማር አለበት። በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከመካ የተሰደዱ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮችን አክሱም መቀበሏም የእስልምና ታሪክ መጻሕፍት የማይዘሉት ምዕራፍ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከሸንኮራ ተነሥተው በካይሮ ሥነ መለኮት ተማሩ፤ በጀርመን ቱቢንገን ዶክትሬታቸውን ሠሩ፤ በአዲስ አበባ አስተማሩ፤ በኋላም በአሜሪካ ሚኒሶታ በሺሕ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍትን ቅጂዎች እየመረመሩ ካታሎግ አዘጋጁ። ድቁና ያለው ተማሪዎ ወይም የቁርአን ትምህርቱን ጨርሶ ኪታብ የጀመረው ደረሳ ሌላው ከዜሮ የሚጀምረውን ቋንቋ በእጁ ይዟል። ይህንን ዕውቀቱን ከዘመናዊ ትምህርት ያነሰ አድርጎ እንዳያየው ይንገሩት። ቅኔ ቤት የሰምና ወርቅ ፍቺ የለመደ፣ በወሎ ሐሪማዎች (የእስልምና ትምህርት ማዕከላት) እንደሚደረገው ነሕው (የዐረብኛ ሰዋስው) ተምሮ መንጢቅ የተባለውን የሎጂክ ትምህርት የጀመረ ልጅ፣ ጽሑፍን ደጋግሞ የመመርመር ልምድ አለው።

አሁን መልመጃው። በ2017ም በ2018ም ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገብተዋል። ቦሌ አራብሳ ውስጥ አንድ ክፍል የሚጋሩ ሦስት የፋብሪካ ሠራተኞችን ያስቡ። አንዷ ሌሊት ተነሥታ ሱሑር ትበላለች፤ ሁለተኛዋ እስከ ቅዳሴ መውጫ ትጾማለች፣ ከዚያም ከሥጋና ከወተት ትርቃለች፤ ሦስተኛዋ ጴንጤ ናት፣ ጾሟን ከቤተ ክርስቲያኗ ጋር በሌላ ጊዜ ትይዛለች። ማብሰያው ደግሞ አንድ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ያልሆነውን ጾም ያካፍሉት። ሙስሊሙ ዐቢይ ጾምን ያጥና፤ ኦርቶዶክሳዊቷ ረመዳንን፤ ጴንጤው ሁለቱንም። የእምነቱን ባለቤቶች ጠይቀው፣ ጽፈው ይምጡና በክፍል ያንብቡ። የማለፊያው መለኪያ አንድ ነው፦ ባለቤቱ ሰምቶ «አዎ፣ እኔ የማምነው ይህንን ነው» ማለት አለበት። «ከሞላ ጎደል» ካለ ይመለስና ይስተካከላል። ማሳመን፣ ማረምና ማነጻጸር በዚህ ቀን የተከለከለ ነው። የሃይማኖት ጥናት መሠረታዊ ሙያ፣ የሌላውን እምነት ሳያጣምሙ መግለጽ፣ የሚለመደው እንዲህ ነው። ከመልመጃው አስቀድመው ለርእሰ መምህሩና ለወላጆች በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ስብከት እንዳልሆነም በግልጽ ይጻፉ።

አምስተኛ፦ የመግቢያውን መንገድ በትክክል ያሳዩ

ፍልስፍና የማኅበራዊ ሳይንስ መስክ ነው። ይህ ማለት ልጁ መስክ ሲመርጥ ጀምሮ ማሰብ አለበት፤ በብሔራዊ ፈተናው ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብና ከአፕቲትዩድ ጋር ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይጠብቁታል። ፈተናውን ቀላል አድርገው አይንገሩት። በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠው የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ፍልስፍናን የወደደ ልጅ ሒሳብን መተው አይችልም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ስለዚህ ስድስት ኪሎን የሚመኝ ተማሪ የዩኒቨርሲቲውን ማስታወቂያ በየጊዜው መከታተልና ለብቻው መመዝገብ አለበት፤ የትምህርት ሚኒስቴርን ምደባ ብቻ ከጠበቀ ያመልጠዋል። ፍልስፍና በሁሉም ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ ክፍል አይደለም፤ ምርጫ ከመሙላቱ በፊት የትኞቹ እንዳላቸው ያጣራ። ፍልስፍና ብዙዎች ሳይመርጡት በምደባ የሚገቡበት ክፍል ሆኖ ቆይቷል። አውቆ፣ ወድዶ የገባ ልጅ ከመጀመሪያው ሳምንት ይለያል፤ መምህራኑም ያውቁታል።

ማንበብ አሁኑኑ ይጀመር፤ ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ያስተምራልና ግማሹ ንባብ በእንግሊዝኛ ይሁን። የኖርዌጂያዊው ዮስታይን ጎርደር «የሶፊ ዓለም» በቀላል እንግሊዝኛ ይገኛል፤ ባለታሪኳ በተማሪዎችዎ ዕድሜ አካባቢ ያለች ልጅ ናት። የሶቅራጥስን የችሎት ንግግር የያዘው የፕላቶ አጭር ሥራም በሁለት ሳምንት ይነበባል። በአማርኛ የተተረጎመውን ሐተታ ከቤተ መጻሕፍት ይዋሱ።

ስድስተኛ፦ ወላጆችን ይጥሩ

«ተመርቆ ምን ሊበላ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። እውነቱን ይናገሩ። ፍልስፍና የሚል የሥራ ማስታወቂያ ብርቅ ነው። ተመራቂዎች በዩኒቨርሲቲዎች ሎጂክ ያስተምራሉ፤ በሚዲያ፣ በትርጉም፣ በሰብአዊ መብትና በሰላም ሥራ፣ በሙዚየምና በመዛግብት ይሠራሉ፤ ብዙዎች ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በሌላ መስክ ይቀጥላሉ። እኔ የምመክረው፣ ፍልስፍና የመረጠ ልጅ ከዲግሪው ጎን ለገበያ የሚሆን አንድ ሙያ እንዲይዝ ነው፤ ዐረብኛ ወይም ግዕዝ፣ የመረጃ ትንተና ወይም ጥሩ የአርትዖት ችሎታ። ቤተሰቡ የልጁን ደመወዝ በጉጉት የሚጠብቅ ከሆነ ይህ ምክር ጌጥ አይደለም።

ሁለተኛው ሥጋት «ፍልስፍና ያስክዳል» የሚል ነው። አያስክድም ብለው ቃል አይግቡ፤ የሚያስብ ሰው ሐሳቡ ሊለወጥ ይችላል፣ ሊጸናም ይችላል። ነገር ግን የአገራችን ሊቃውንት ፍልስፍናን እንዳልሸሹ ያሳዩአቸው። በሶቅራጥስ፣ በፕላቶና በአርስቶትል ስም የተነገሩ አባባሎችን የያዘው መጽሐፈ ፈላስፋ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሶ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች እጅ ተጠብቆ ኖሯል። በዩኒቨርሲቲው ኢትዮጵያዊ ፍልስፍናን አጥንተው ያሳወቁት ሰምነርም ካህን ነበሩ። ልጃቸው ደብተራ ወይም ሼክ እንዲሆንላቸው የሚመኙ ወላጆች ካሉም ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን እነሱው ያስታውሱዎታል።

ሰባተኛ፦ ስድስት ኪሎ ይውሰዷቸው

ከትምህርት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ያጽፉ፤ ተማሪዎቹ መታወቂያ ይያዙ። ከአያት በባቡር መገናኛ፣ ከዚያ በታክሲ ስድስት ኪሎ ይደርሳሉ። መጀመሪያ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይግቡ። ሕንጻው የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የባህል ትርኢቱ የተደራጀው በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል፣ ከልጅነት እስከ ሞትና ከሞት በኋላ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዕቃ መርጦ፣ ዕቃው ስለ ሰው ልጅ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ በአንድ ገጽ ይጻፍ። በፍልስፍና ትምህርት ክፍል የሚያነጋግራችሁ አንድ መምህር ወይም የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አስቀድመው ይፈልጉ፤ ለልጆቹ ከጉብኝቱ ሁሉ የሚቀረው ያ ውይይት ነው።

ከዚያ ቁልቁል በእግር። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሉሲ አለች፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ሰው የሚባለው ከመቼ ጀምሮ ነው የሚለውን ጥያቄ እዚያው ቆመው ይከራከሩበት። አራት ኪሎ ሲደርሱ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የፍልስፍና መደርደሪያውን እንዲያገኙት፣ አንዳንድ መጽሐፍም ከፍተው አንድ ሰዓት እንዲቀመጡ ያድርጉ። ሁለተኛ ጊዜ ብቻቸውን መምጣት እንዲችሉ የታክሲውን መሳፈሪያና ዋጋ ይጻፉላቸው።

ያላለፉትና የሚሠሩት

ፈተናው ያልተሳካላቸው፣ ወይም ከትምህርት ቤት ወጥተው ፓርኩ የገቡ ተማሪዎች ይኖሩዎታል። ለእነሱ የሪሜዲያልን ዕድል፣ በድጋሚ መፈተንንና የማታ ትምህርትን በዝርዝር ያስረዱ። ከክበቡም አያስወጧቸው። ሠራተኞቹ የሚመቻቸው ብዙውን ጊዜ እሑድ ከሰዓት ነው፤ በወር አንድ እሑድ ክበቡን ለቀድሞ ተማሪዎችና ለሚያመጧቸው ጓደኞች ይክፈቱ። የቀኑን ጥያቄ አስቀድመው በቴሌግራም ይላኩላቸው፤ በሰርቪስ ላይ ሆነው እንዲያስቡበት። ስለ ፈቃድና ስለ ደመወዝ የተጻፉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በዚያ ቀን እንደገና ሰሌዳ ላይ ያውጡና ውሉን የፈረሙት ራሳቸው ቅድሚያ እንዲናገሩ ያድርጉ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችዎ ማስታወሻ እየያዙ ያዳምጡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራቸው የሰሙትን ክርክር በመነሻና በመደምደሚያ ለይቶ መጻፍ ነው።